ድጋፍ መምህሯ ልጆቼን ይዛብኝ ትወጣለች፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ «ደምበጫ አካባቢ የ3ኛ ክፍል መምህርት ነኝ። 64 ተማሪ አለኝ። ዘንድሮ የንባብ ድጋፍ የምትሰጥ መምህርት ተመደበችልን። በሳምንት ሦስት ቀን ማንበብ ያልቻሉ ዘጠኝ ልጆችን ከክፍሌ ይዛ ትወጣለች። ሲመለሱ ሒሳቡ አምልጧቸዋል። እኔ የማስተምረው ሌላ፣ እሷ የምታስተምረው ሌላ። ልጆቹ ግራ ገብቷቸዋል። እኔና እሷም ሰላምታ ብቻ ሆነናል። በቀደም ደግሞ አንድ አባት ‹ልጄን ከሰው ለይታችሁ ለምን ታወጧታላችሁ?› ብለው መጡብኝ። እንዴት ብንሠራ ይሻላል?»

ምላሽ፦

መምህርት፣ ጥያቄዎን ሁለቴ አነበብኩት። በመጀመሪያው ያየሁት ቅሬታዎን ነው። በሁለተኛው ግን ዓይኔ አንዲት ዓረፍተ ነገር ላይ ቀረ። «እኔ የማስተምረው ሌላ፣ እሷ የምታስተምረው ሌላ» ያሉት ላይ። የሒሳቡም፣ የሰላምታውም፣ የአባትየውም ነገር የሚመጣው ከዚያ ነው። ስለዚህ ብዙውን ቦታ ለእሱ እሰጣለሁ።

እኔም የጀመርኩት ድጋፍ ሰጪ ሆኜ ነው። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ፣ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት። ርእሰ መምህሩ የዕቃ ቤቱን ግማሽ አስጠርገው ሰጡኝ። ሦስት ዴስክ አስገባሁ። ግድግዳው ላይ ፊደል ገበታ ለጠፍኩ። ከ2ኛ ክፍል ሰባት ልጆች ተረከብኩና ከ«ሀ» ጀመርኩ። ሀ ሁ ሂ፣ ለ ሉ ሊ፤ በተራ፣ በዜማ። መምህራቸው በዚያው ሳምንት በመጽሐፉ ቅደም ተከተል ሌላ ፊደልና ሌላ ምንባብ ላይ ነበሩ። እኔ የት ደረሱ ብዬ አልጠየቅኋቸውም። እሳቸውም ምን እያስተማርክ ነው አላሉኝም።

በወሩ ገደማ አንዲት ልጅ ደብተሯን ደረቷ ላይ ይዛ በሩ ላይ ቆመች። «ቲቸር፣ ቤት ሄጄ የማጠናው የእርስዎን ነው ወይስ የክፍሉን?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ያ ጥያቄ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ጎበዞቹ ልጆች የሚማሩት አንድ ትምህርት ነው። አንዱን መያዝ ያቃታትን ልጅ ግን እኛ ሁለት አሸክመናታል።

ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1965 በወጣው የትምህርት ሕግ ለድሃ ልጆች ተጨማሪ ድጋፍ መስጠት ስትጀምር የተለመደው መንገድ ልጆቹን ከክፍል ማውጣት ነበር። በ1980ዎቹ እነ ሪቻርድ አሊንግተን የተባሉ የንባብ ተመራማሪዎች ሁለቱን ክፍሎች እየተከታተሉ ሲያዩ ያገኙት እርስዎ የጻፉትን ነው። በክፍሉ አንድ መጽሐፍ፣ በድጋፉ ሌላ መጽሐፍ። ሁለቱ መምህራን ደግሞ አንዱ ሌላው ምን እንደሚያስተምር በቅጡ አያውቁም። ልጁ የተጨመረለት ጊዜ ቢኖርም፣ ጊዜው ከክፍሉ ትምህርት ጋር አይገናኝም።

እኛ ግን ለዚህ ያን ያህል መራቅ አያስፈልገንም። ያለነው ጎጃም ነው፤ የዲማ፣ የዋሸራ፣ የደብረ ኤልያስ፣ የታወቁት የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶች አገር። ንባብ ቤት ያለፈ ሰው ካለዎት ይጠይቁት። የኔታ ለልጁ የዕለቱን ይሰጡታል። ከዚያ ከፍ ያለ ተማሪ ከጎኑ ተቀምጦ ያስቀጽለዋል። ይህ ታላቅ ተማሪ የራሱን ትምህርት ይዞ አይመጣም። የኔታ የሰጡትን ያንኑ፣ እዚያው መስመር ላይ፣ ልጁ እስኪይዘው ድረስ ያስብለዋል። በኋላ ልጁ የኔታ ፊት ሲቀርብ የሚጠየቀውም ያንኑ ነው። አርጩሜውን መልሱ እያልኩ አይደለም። ሁለቱ አስተማሪዎች ግን አንድ መስመር ላይ ናቸው።

ምክሬም ይኸው ነው። ድጋፉ ሁለተኛ ትምህርት አይሁን። የእርስዎ ትምህርት ይሁን፤ በትንሽ ቡድን፣ በዝግታ፣ ተደጋግሞ።

ይህ በሥራ ምን ማለት እንደሆነ በአንዲት ልጅ ላሳይዎት። 3ኛ ክፍል ነበረች። መምህርቷ «ይህች ታነባለች፣ ለምን ድጋፍ ውስጥ ገባች?» ትላለች። ድጋፍ ሰጪው «ምንም አታውቅም፣ ከዜሮ ነው የምጀምራት» ይላል። ሁለቱንም ይዤ ልጅቷ አጠገብ ተቀመጥን። መጽሐፉን ገለጠች። ስለ እርሻ የሚያወራ ምንባብ ነው። ጥርት ባለ ድምፅ ወረደችው። ጣቷን ግን አየነው። ጣቷ «ገበሬው» ላይ ቆሟል፤ አፏ «በሬዎቹን» ብሎ አልፏል። ክፍሉ በጋራ ሲያነብ ሰምታ በቃሏ ይዛዋለች። መምህርቷ የሰማችው ይህንን ነው።

ከዚያ ከዚያው ምንባብ አሥር ቃላት በቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፍን። አደባለቅናቸው። ስድስቱን አነበበች፤ እየተንተባተበች፣ ግን ራሷ። ስለዚህ ድጋፍ ሰጪውም ተሳስቷል። ከዜሮ መጀመር አያስፈልጋትም። የወደቀችባቸውን አራቱን ስናይ ነገሩ ተገለጠ። «ቆሎ»ን «ቶሎ» አለችው። «ቅጠል»ን «ትጠል» ብላ ግራ ገባት። ቀ እና ተ ይምታቱባታል፤ በሁሉም ቤት አይደለም፣ በአንዳንዱ ነው። ሌላው ሳድስ፣ ማለትም የፊደሉ ስድስተኛ ቤት ነው። «ትምህርት» የሚለውን ቃል ይዩት፤ አምስቱም ፊደል ሳድስ ነው። እያንዳንዱን ለብቻው ታውቀዋለች። «ትእ፣ ምእ፣ ህእ» እያለች ስትሄድ ግን መጨረሻው ላይ ቃል አይወጣላትም። ሳድስ አንዳንዴ ድምፅ ይዞ፣ አንዳንዴ ድምፅ ሳይዝ እንደሚነበብ ማንም ቁጭ ብሎ አላሳያትም።

ይህን ለማወቅ የፈጀብን አንድ ሩብ ሰዓት ነው። አንዳቸው ለብቻቸው ቢሆኑ ግን አያገኙትም ነበር። መምህርቷ 60 ልጅ ፊት ቆማ ጣቷን ልታይ አትችልም። ድጋፍ ሰጪው ደግሞ ልጅቷ ምንባቡን ክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሰማችው አያውቅም።

ፊደላችን ራሱ ይህን ትብብር ይጠይቃል። 33ቱን ፊደላት በሰባት ቤት ብናባዛቸው 231 ነው፤ እንደ ሏ እና ቋ ያሉት ዲቃሎች ሳይቆጠሩ። ልጅ ይህን ሁሉ በዜማ ሊወርደው ይችላል፤ ወረደው ማለት ግን ለየው ማለት አይደለም። አባቶቻችን ከሀሁ ቀጥሎ አቡጊዳን የሚያስጠኑት ያለ ነገር አይደለም። አ ቡ ጊ ዳ ሲባል ፊደሉ ከለመደው ሰልፍ ይወጣል። በዜማ ብቻ የያዘ ልጅ እዚያ ላይ ይያዛል። ድጋፍ መምህሯ ይህን ዘዴ ብትጠቀም ደስ ይለኛል፤ ፊደሎቹን ግን ከእርስዎ የሳምንቱ ምንባብ ትውሰድ።

ሌላም አለ። አማርኛ ጥብቀትን አይጽፍም። «ገና» ሲጠብቅ በዓሉ ነው፤ ሲላላ ሌላ ነው። «ሰፊ» ሲላላ ልብስ የሚሰፋው፣ ሲጠብቅ ጠባብ ያልሆነው። «ዋና»ም እንደዚሁ፤ ወንዝ ውስጥ የሚዋኘው አለ፣ አስፈላጊው አለ። ልጁ በትክክል የሚያነበው ወሬው ስለ ምን እንደሆነ ካወቀ ብቻ ነው። ወሬውን የሚያስጀምሩት እርስዎ ነዎት። ሰኞ ምንባቡን አንብበውላቸው፣ ስለ ምን እንደሆነ አውርታችሁ፣ ከባዱን ቃል ካስረዱ፣ ድጋፍ መምህሯ ማክሰኞ የምትቀበለው የተዘጋጀ ልጅ ነው። ልጁ ባልሰማው ባዕድ ምንባብ ከጀመረች ግን በአንድ ጊዜ ፊደልም፣ ቃልም፣ ወሬም ይሆንበታል።

ስለዚህ ስምምነታችሁ ቀላል ይሁን። አንድ ሳምንት፣ አንድ ምንባብ፣ ሁለት ፊደል። ምንባቡን እርስዎ ይመርጣሉ፤ የክፍሉ ባለቤት እርስዎ ነዎት። ሁለቱን ፊደል እሷ ትመርጣለች፤ የልጆቹን ስህተት ከቅርብ የምታየው እሷ ናት። እርስዎ በዚያ ሳምንት ሰሌዳ ላይ ሲጽፉ እነዚያን ሁለት ፊደላት በሌላ ቀለም ቾክ ያድምቋቸው። ለ64ቱም ይጠቅማል፣ ማንንም አይጎዳም። እሷም ልጆቹን ይዛ የምትሠራው በእነዚያው ቃላት ይሁን።

ስብሰባ አላበዛባችሁም። ጊዜ እንደሌላችሁ አውቃለሁ። አንድ ባለ 32 ሉክ ደብተር ግዙ። ለአንድ ልጅ ሁለት ሉክ። ደብተሩ የክፍል አለቃው ይዞት በእርስዎና በእሷ መካከል ይመላለስ። የሚጻፈው አጭር ነው። ለምሳሌ እንዲህ፦

«ሰኞ። ምንባብ፦ የገበያ ቀን። ክፍል ውስጥ አብራ አለች፣ ብቻዋን ስጠይቃት ዝም።»

«ማክሰኞ። ቆሎ/ቶሎ ሠራን። ከ10 ጊዜ 4 ለየች። ቁ እና ቱ አያስቸግሯትም።»

«ሐሙስ። ሰሌዳ ላይ ‹ቆሎ› ራሷ አነበበች። አጨበጨቡላት።»

ይህ በቂ ነው። «ጎበዝ ናት»፣ «ደካማ ናት» የሚል አይጻፍ፤ ምንም አይነግርም። የትኛውን ቃል እንዴት እንዳነበበች ይጻፍ። ሦስት ሳምንት ከሄደ በኋላ ደብተሩን ገልጠው ሲያዩት ልጅቷ የት እንዳለች ቁልጭ ብሎ ይታያል። ለርእሰ መምህሩም ሆነ ለሱፐርቫይዘሩ ከሮስተሩ፣ ከውጤት መዝገቡ ይልቅ እሱን ያሳዩ።

አሁን ወደ ሒሳቡ። እዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ ከእርስዎ ጋር ነኝ። ንባብ ያቃተውን ልጅ ሒሳብ ማሳጣት ሁለተኛ ውድቀት መጨመር ነው። በስፖርት ክፍለ ጊዜ ማውጣትንም አልወደውም፤ ልጁ ድጋፉን እንደ ቅጣት ያየዋል። ከትምህርት ሰዓት በኋላ ቲቶሪያል የሚለውም በወረቀት ላይ ያምራል እንጂ የኛን አገር ልጅ ኑሮ አያውቅም። ከፈረቃው በኋላ ከብት የሚጠብቅ አለ፣ ውኃ የምትቀዳ አለች፣ አንድ ሰዓት በእግሩ የሚሄድ አለ። የሚቀሩት ቀድሞውንም የሚያነቡት፣ ቤታቸው ቅርብ የሆነው ናቸው።

የሚሻለው በራሱ በአማርኛው ክፍለ ጊዜ ነው። 40 ደቂቃ አለዎት። የመጀመሪያውን 20 ደቂቃ ሁሉም አብረው ይሁኑ፤ ምንባቡን ሲያነቡላቸው፣ ሲያወሩበት ዘጠኙም ይኑሩ። ሌሎቹ ደብተራቸው ላይ መልመጃ ሲሠሩ እሷ ትንሿን ቡድን ትውሰድ። የሚያመልጣቸው ብቻቸውን ሊሠሩት የማይችሉት መልመጃ ብቻ ነው። ሁሉንም ትምህርት የሚያስተምሩት እርስዎ ከሆኑ ፕሮግራሙን ማቀያየርም በእጅዎ ነው። የአማርኛውን ሰዓት ለእሷ በሚመች ጊዜ ያድርጉትና ይሞክሩት።

ደግሞም ሁልጊዜ መውጣት የለባቸውም። በሳምንት አንድ ቀን እሷ ወደ እርስዎ ክፍል ትግባ። ከኋላ ዴስክ ላይ ከአራት ልጆች ጋር ትቀመጥ። እርስዎ ሲያስተምሩ ከልጆቹ ጎን ሆና ጣታቸውን ትከታተል። ይህ እንደሚከብድ አውቃለሁ። ሌላ መምህር ክፍል ውስጥ ሲገባ የክፍል ምልከታ የመጣ ይመስላል። እጅ ይተሳሰራል። ስለዚህ በግልጽ ተነጋገሩ፤ ክፍል ውስጥ የታየ ነገር ስታፍ ውስጥ አይወራም፣ ለርእሰ መምህርም አይሄድም። እርስዎም እንዲሁ እሷ ዘንድ አንድ ቀን ገብተው ይቀመጡ። እሷም ትፈራለች። አዲስ መጤ ናት፣ የራሷ ክፍል የላትም፣ ሰው ሁሉ «ሥራዋ ምንድን ነው?» እያለ ያያታል።

ሰላምታ ብቻ ሆነናል ያሉት ለዚህ ይመስለኛል። እሷ ስትገባ እርስዎ «አላስተማርሽም» የተባሉ መስሎ ተሰምቶዎት ይሆናል። ዘጠኝ ልጅ ማለት ግን የእርስዎ ድክመት ማስረጃ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው የመጀመሪያ ደረጃ የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ልጆች ሲሦ ያህሉ አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም ነበር። ከዚያ ወዲህ ደግሞ በ2012 በኮሮና ትምህርት ቤት ተዘጋ። በኋላም በክልላችን ሰላም ጠፍቶ ስንት ልጅ ዓመት ሙሉ ደብተር ሳይዝ ከረመ። 3ኛ ክፍል የተቀመጠው ልጅ ሁሉ ሦስት ዓመት የተማረ አይደለም። መስፈርቱ በአንድ ክፍል 50 ልጅ ይላል፤ እርስዎ 64 ይዘዋል። ይህን ብቻዎን አይወጡትም።

ለመነጋገር ሲጠሯት በቅሬታ አይጀምሩ። የአንዲት ልጅ ደብተር ይዘው ይሂዱ። «ይህችን ልጅ እኔ እንዲህ አየኋት፣ አንቺስ ምን አየሽ?» ይበሏት። ከሒሳቡ ጉዳይ በፊት ይህ ይቅደም። ስለ ልጅ የጀመረ ወሬ ቶሎ ይግባባል፤ ስለ ክፍለ ጊዜ የጀመረ ወሬ ቶሎ ይጣላል። ብዙ ጊዜ ያየሁት ነው።

ዘጠኙን በአንድ ቡድን ማድረጓንም አልደግፈውም። ችግራቸው አንድ አይደለም። ፊደል ጭራሽ ያልለየ አለ፣ ለይቶ ቃል መግጠም ያቃተው አለ፣ አንብቦ የማይገባው አለ። ለሁለት ይክፈሏቸው፤ አራት አምስት ልጅ ይበቃል። በየወሩም ያንኑ የአሥር ቃል ፈተና አብራችሁ ስጧቸው። ስምንትና ዘጠኝ ያነበበ ልጅ ከድጋፉ ይውጣ። የድጋፍ ክፍል መግቢያ ብቻ ሳይሆን መውጫም ሊኖረው ይገባል። አለበለዚያ «የሰነፎች ክፍል» የሚል ስም ይወጣለታል፤ ያ ስም አንዴ ከወጣ ደግሞ አይፋቅም።

አንዳንዱን ነገር ከእርስዎ በቀር ማንም አያውቀውም፤ ይንገሯት። ከአዊ በኩል የመጣ፣ ቤቱ አገውኛ የሚናገር፣ የመጀመሪያ ክፍሎችን በአገውኛ የተማረ ልጅ ካለዎት፣ አማርኛ ላይ የሚሳሳተው ቋንቋው ገና ስለሆነበት ሊሆን ይችላል። ማንበቡን ግን ይችልበት ይሆናል፤ ፊደሉ ያው ነው። እሱን ከሌሎቹ ጋር ፊደል ማስቆጠር ጊዜ ማባከን ነው። የሚያስፈልገው ወሬ ነው፣ ቃላት ነው። ዓይኑን የሚያሽ፣ ሰሌዳ ለማየት አንገቱን የሚያሰግግ ልጅም አለ። ትራኮማ በአማራ ክልል ምን ያህል እንደሆነ እናንተም ታውቃላችሁ። እሱ ከሁሉም በፊት ጤና ጣቢያ ይሂድ፣ ከዚያ ከፊት ይቀመጥ።

ከርእሰ መምህሩ የምትጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ይሁን፤ በሳምንት አንድ 20 ደቂቃ ሁለታችሁም ክፍል የማትገቡበት። ከተከታታይ ሙያ ማሻሻያው ሰዓት ላይ ቢቆረጥም ይሆናል። ሁለታችሁ አብራችሁ ብትጠይቁ ይሻላል።

የቀረው የአባትየው ነገር ነው። እውነታቸውን ነው። ልጃቸው ከሰው ተለይታ ስትወጣ አይተዋል፤ ምን እንደሆነ ግን ማንም አልነገራቸውም። እርስዎ ብቻ አይመልሱላቸው፣ እሷም ብቻ አትመልስ። በሚመቻቸው ቀን፣ ገበያ ሲመጡም ቢሆን፣ ይጥሯቸውና ሁለታችሁም አብራችሁ ተቀመጡ። ስለ ድጋፍ ፕሮግራም ማብራሪያ አይስጡ። ልጅቷን ጥሯት። በዚያ ሳምንት የያዘቻቸውን አምስት ቃላት በወረቀት አቅርቡላትና አባቷ ፊት ታንብባቸው። እሳቸው ማንበብ ባይችሉም ግድ የለም። ወረቀቱን ለእሳቸው ስጧቸው። ማታ ማታ ከእራት በፊት ጣቷን ከቃሉ ሥር እያስኬደች ታንብብልዎ፣ ጣቷ ከአፏ ከቀደመ ወይም ከዘገየ እንደገና ያስጀምሯት በሏቸው። ጣት ለማየት ፊደል መቁጠር አያስፈልግም።